አጓት በጣሳ

በአሁኑ ጊዜ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከዚያም እስከ ዓለም ባንክና ቤተል ድረስ ባለው መንገድ የሚያልፍ ሰው በየፎቁ ላይና በየቆርቆሮ አጥሩ ውስጥ የብረት ድምፅ ይሰማል። የሚሰማው የበር ሠሪ ድምፅ አይደለም፤ ወጣቱ ክብደት እያነሣ መልሶ የሚጥልበት ድምፅ ነው። ገንዘብ ያለው ከውጭ አገር በመጣ ብረት፣ ገንዘብ የሌለውም በቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ በቧንቧ ጫፍና ጫፍ በተከለው ክብደት ደረቱን ያሰፋል። የኮልፌ ምድር የሰውነት ማሠልጠኛ የሆነው ዛሬ አይደለም፤ ኔልሰን ማንዴላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1962 የውትድርና ትምህርት ሊማሩ ወደ አገራችን በመጡ ጊዜ የሠለጠኑት እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠራዊት ሰፈር ነበር። ስለዚህ ስፖርቱን በሚመለከት የምናገረው ክፉ ቃል የለኝም። ወጣት ሥራ ፈትቶ በየጥጉ ከሚቀመጥ ብረት ቢያነሣ እሰየው ነው።

ነገር ግን ከብረቱ ጋር ተያይዞ አንድ ሌላ ዕቃ ሰፈራችን ገብቷል። ይኸውም በትልልቅ ጥቁር ጣሳ የሚመጣውና በአጭሩ «ፕሮቲን» እየተባለ የሚጠራው ዱቄት ነው። በጣሳው ላይ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር ሰው ሥዕል አለበት። ሙሉውን ጣሳ መግዛት ለማይችል ሰው በማንኪያ እየተሰፈረ ይሸጥለታል፤ እንደ በርበሬ ማለት ነው። ቀድሞ «ምሳ በላህ ወይ?» ይባባል የነበረው ወጣት አሁን «ፕሮቲን ጀመርህ ወይ?» ይባባላል።

ስለዚሁ ዱቄት ሁለት ወገን ተነሥቷል። አንደኛው ወገን፣ ይልቁንም አባቶችና እናቶች የሚገኙበት፣ «ኬሚካል ነው፤ ኩላሊት ያቃጥላል፤ ሰውን እንደ ፈረንጅ ዶሮ ያሳብጣል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ያለ ዱቄቱ ብረት ማንሣት ከንቱ ድካም መሆኑን እንደ ቀኖና ይዞታል። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በዚህ ነገር ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ዝም ስላሉ ነው።

እንግዲህ ዕቃው ምንድን ነው? በብዙዎቹ ጣሳዎች ላይ የተጻፈውን ላነበበ ሰው ስሙ «ዌይ» ነው። ዌይ ማለት በቋንቋችን አጓት ማለት ነው። አዎን፣ ያው አጓት! እናቶቻችን ቅቤውን ከናጡ በኋላ አሬራውን በእሳት ሲያሞቁት አይቡ ወደ ላይ ይሰበሰብና ከሥሩ አረንጓዴ ቀመስ ውኃ ይቀራል። ይህንኑ ውኃ ባላገሩ ለጥጃና ለውሻ ይሰጠዋል፤ ጥም የያዘው እረኛም ይጠጣዋል። በኤውሮጳና በአሜሪካ ያሉ የአይብ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ አጓታቸውን ለረጅም ዘመን ለአሳማ ሲሰጡ ወይም ወደ ወንዝ ሲደፉ ኖረዋል። ኋላ ግን፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ፣ በረቂቅ ወንፊት አጣርቶ ፕሮቲኑን ከውኃው መለየት በመቻሉ ቀድሞ የሚደፋው ነገር ገንዘብ ሆነ። በአጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ 24 ግራም የሚሆነውን የአንድ መስፈሪያ ፕሮቲን ለማግኘት ከሦስት ሊትር በላይ አጓት ያስፈልጋል። ዱቄቱን ውድ ያደረገውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ማወቅ ለሁለቱም ወገኖች መልስ ይሰጣል። ለፊተኞቹ፣ ዕቃው ከወተት የወጣ ምግብ እንጂ መርፌ አይደለም። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በመጠን ቢወስደው ኩላሊቱን እንደሚጎዳው የሚያስረዳ ማስረጃ አልተገኘም፤ የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ መንካት የለበትም። ለኋለኞቹ ደግሞ፣ ያው አጓት ነውና በሚስጥር ኃይል አታምልኩት። በነገራችን ላይ አንድ ወዳጄ በዐቢይ ጾም ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ ሲጠጣ አግኝቼው ብጠይቀው «ዱቄት እኮ ነው፤ ዱቄት ጾም አይፈታም» ብሎ መለሰልኝ። ቄሱ ምን እንደሚሉት ባላውቅም ላሚቱ ምን እንደምትለው ግን አውቃለሁ። ለጾም የሚሆን ከአተርና ከአኩሪ አተር የተሠራም አለ፤ ያነበበ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መግለጫ፣ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ተማሪ 50 ግራም መሆኑ ነው። ብረት የሚያነሣ ሰውስ? እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ታላቅ ጥናት ታትሞ ነበር፤ 49 ልዩ ልዩ ጥናቶችንና 1863 ሰዎችን በአንድነት የመረመረ ነው። ያገኘውም በኪሎ እስከ 1.6 ግራም ድረስ ፕሮቲን መጨመር ለጡንቻ እንደሚረዳና ከዚያ ሲያልፍ በአማካይ ሌላ ጥቅም እንደማይታይ ነው። ይህም ለዚያው ተማሪ 96 ግራም ይሆናል። ሆኖም የጥናቱን ሌላ ቁጥር የዱቄት ነጋዴዎች ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም፤ ተጨማሪ ፕሮቲን የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱትና እንደነሱ ብረት ካነሡት የበለጡት በአማካይ በ0.3 ኪሎ ብቻ ነው። ሦስት መቶ ግራም! የቀረውን ሁሉ የሠራው ብረቱ፣ እንቅልፉና የዘወትሩ ምግብ ነው።

የዘወትሩ ምግብ ስል እስቲ የአንድ ተማሪ መሶብ እንቁጠር። ጠዋት ሁለት ዳቦ በሻይ፤ 8 ግራም ያህል ፕሮቲን። በምሳና በራት ከ300 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ፤ 33 ግራም ያህል። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት፤ 20 ግራም። ግማሽ ሲኒ ከምትበልጥ ምስር የተሠራ ወጥ፣ ምስሩ በጥሬው 50 ግራም ቢሆን፤ 12 ግራም። ማታ መጽሐፍ ላይ ሲቀመጡ የምትቆረጠም ለውዝ የገባባት አንድ እፍኝ ቆሎ፤ 8 ግራም። ድምሩ 81 ግራም ነው። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ፕሮቲን ሁሉ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ አያልቅምና አምስተኛውን እጅ እንቀንስለት፤ 65 ግራም ይቀራል። ብረት ለማያነሣው ተማሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ አንዲትም የሥጋ ቁራጭ አልገባበትም። ብረት ለሚያነሣው 31 ግራም ይጎድለዋል። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ ሳህን የባቄላ ንፍሮ ደግሞ 10 ግራም ያህል ይሰጠዋልና ጉድለቱ ከሞላ ጎደል ተሞላ። በጾም ወራት እንቁላሉና ወተቱ በሚቀሩበት ጊዜ፣ ከአተር የተሠራ አንድ መስፈሪያ ዱቄት ቢጨምር የሚነቅፈው ሰው አይኖርም። በእኔ አስተያየት የዱቄቱ ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው፤ የጎደለውን የሚሞላ እንጂ የሞላውን የሚተካ አይደለም። በረመዳንም እንዲሁ፣ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ የሚሠለጥነው የሰፈራችን ልጅ ካፈጠረ በኋላና በሱሑር ጊዜ ከፋፍሎ ቢወስደው የሚገባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በሒሳቡ ውስጥ ያለው ሽሮ 100 ግራም ዱቄት የገባበት ነው። ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ሽሮ ግን እንደዚያ ነውን? ሳህኑን ዘንበል ሲያደርጉት ወደ ጥግ የሚሮጥ፣ እንጀራውን የማይዝና የሳህኑን አበባ የሚያሳይ ሽሮ አለ። በዚያ ሽሮ ውስጥ 40 ግራም ዱቄት ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው። የጎደለው 60 ግራም ዱቄት 12 ግራም ፕሮቲን ነበረው፤ ይህም ከጂም የሚገዛው የግማሽ መስፈሪያ ዱቄት ፕሮቲን ማለት ነው። በድስት ውስጥ በውኃ ተተክቶ የጠፋውን ነገር ተማሪው በሌላ ሱቅ በብዙ እጥፍ ዋጋ መልሶ ይገዛዋል።

ሽሮና እንጀራ አንድ ላይ መብላታችን የድህነት ምልክት ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰውም አንድ ቃል ልበል። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች ነው። እህል ላይሲን የሚባለው ጡብ ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። ሁለቱ በአንድ ትሪ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ይህን የኬሚስትሪ ትምህርት ሳይማሩ ምግቡን ያጋቡት አያቶቻችን ናቸው። በኮልፌ ጎረቤቶቻችን የሆኑት ጉራጌዎችና ስልጤዎችም እንዲሁ ናቸው። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ቆጮ በደህና ቤት ብቻውን አይቀርብም፣ አይብ፣ ጎመንና ሲገኝ ክትፎ ይከተሉታል። ችግሩ ኑሮው ሲከብድ ከትሪው ላይ መጀመሪያ የሚነሣው አይቡ መሆኑ ነው።

ፕሮቲን የበዛበት ነገር ሁሉ መልካም ነው ለሚል ሰው ደግሞ ጓያን አስታውሰዋለሁ። ጓያ በፕሮቲን ከሽምብራ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ነገር ግን ሌላው እህል በጠፋበት ዘመን ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው ውስጡ ባለው መርዝ እግሩ ይሽመደመዳል፤ ሽባነቱም አይመለስም። በጎንደር በደምብያና በፎገራ ይህ በሽታ ለረጅም ጊዜ ታውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም በወሎ ደላንታ ብዙ ሰዎችን አሽመድምዷል። የሽምብራ ዋጋ ሲወጣ ጓያ ወደ ሽሮው ውስጥ ሰርጎ እንደሚገባ የእህል ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ታላላቅ ሯጮቻችን የሚወራውንም ላንሣ። የአንዳንድ ዱቄት ሻጭ ንግግር «አትሌቶቻችን ያሸነፉት በዚህ ነው» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የ10 ምርጥ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ምግብ እየመዘነ መዝግቦ ነበር። ከሚበሉት ኃይል ከመቶ 64 እጁ ከእህል፣ ከአታክልትና ከመሳሰለው በሚገኝ ካርቦሃይድሬት፣ 12 እጁ ብቻ በፕሮቲን የተሰጠ ነው። ቢሆንም ብዙ ስለሚበሉ ያ 12 እጅ በኪሎ 1.8 ግራም ያህል ሆኖላቸዋል፤ አብዛኛውም ምግባቸው ከዕፅዋት የተገኘ ነው። ምስጢሩ ጠግቦ መብላት ነው። ሰውነት በቂ ኃይል ሰጪ ምግብ ካላገኘ የገባለትን ፕሮቲን ያነደዋል፤ ለቤት ማገር የመጣውን እንጨት ለማገዶ እንደ መፍለጥ ነው።

ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። በሰፈሬ የማውቀው አንድ ልጅ አለ፤ ቀን በአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋና ድንጋይ ይሸከማል፣ ማታ ጂም ይገባል። ሥልጠና ሰጪው፣ ስሙን አልጠራም፣ ያለ ዱቄት እንደማይሆንለት ነገረው። ልጁም ጣሳውን ለመግዛት ሲል ምሳውን ተወ። ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ ድንጋይ ተሸክሞ ማታ አንድ መስፈሪያ አጓት ይጠጣል። ከሦስት ወር በኋላ ጉንጩ ጎደጎደ እንጂ ትከሻው አልሰፋም፤ ሥልጠና ሰጪውም «መጠኑን እጥፍ አድርገው» አለው። እናቱ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ከሁሉ የበለጠ ያሳዘነኝ ግን ይህ አይደለም። አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ብገባ እናትየው ከዚያ ጣሳ አንድ ማንኪያ ቀንሰው ሁለት ዓመት ላልሞላት ለታናሽ እኅቱ አጥሚት ላይ ሲበትኑ አገኘኋቸው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «እሷም ትፋፋ ብዬ ነዋ» አሉኝ።

በዚህች «ትፋፋ» በምትባል ቃል ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የሕፃናትን ምግብ የሚያጠና ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1968ም የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲቲዩት ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ምግብ ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተመጥነው የገቡበት ሲሆን ከአምስት እጅ አንድ እጁ ያህል ፕሮቲን ነበር። እነዚያ ሰዎች ፕሮቲንን ከእህሉ ለይተው በጣሳ አልሸጡም፤ በእናቶች እጅ በሚገኝ እህል ላይ የጎደለውን ጨመሩበት እንጂ።

ዓለም ግን በዚያው ዘመን በፕሮቲን ፍቅር ተይዞ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1955 የፕሮቲን አማካሪ ቡድን አቋቋሙ፤ በ1968ም ሊመጣ ነው የተባለውን የፕሮቲን ቀውስ ስለ መከላከል ትልቅ ሰነድ ወጣ። ከዓሣ ዱቄት፣ ከአልጌ፣ በነዳጅ ዘይት ላይ ከሚበቅል እርሾ ሳይቀር ፕሮቲን ለማውጣት ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ማክላረን የተባሉ ሐኪም ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ይህን ሁሉ ታላቁ የፕሮቲን ውድቀት ብለው ሰየሙት። ሐሳባቸው ሲጠቃለል፣ የድሃ ልጅ የጎደለው ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ምግብ ነው፤ ሆዱን ሳትሞላ ፕሮቲን ብትሰጠው ያነደዋል የሚል ነው። በእኔ በኩል ማክላረን ትክክል ነበሩ ባይ ነኝ። ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተዉትን ስሕተት ዛሬ የጂም ነጋዴ አንሥቶ በኮልፌ ይነግድበታል።

ለዚያች ሕፃን የሚያስፈልጋት የወንድሟ ዱቄት አይደለም። የሚያስፈልጋት ወፈር ያለ ገንፎ፣ በላዩ ጠብ የምትል ዘይት ወይም ቅቤ፣ የተፈጨ ምስር፣ በሳምንት ጥቂት እንቁላልና ጎመን ነው። ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ በአጓት ዱቄት አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 37ቱ ዕድገታቸው የቀነጨረ ሆኖ ተገኝቷል፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ይህን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። በአንድ ቤት ውስጥ ለአንድ ወንድ ልጅ ትከሻ የሚከፈለው ገንዘብ ከታናሹ ሳህን ላይ የሚነሣ እንደ ሆነ፣ ነገሩ የስፖርት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የቤተሰብ ፍርድ ይሆናል። እናትና እኅት ከሁሉ በኋላ በሚበሉበት አገር፣ በቤቱ ውስጥ ፕሮቲን የጎደለው ማነው ብሎ መጠየቅ ብረት ለሚያነሣው ልጅ የሚያሳፍር አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ፣ በጤና ጣቢያ ለተጎዱ ሕፃናት የሚታደለውን በፕላስቲክ የታሸገ የለውዝ ቅቤ ገዝቶ «ለጡንቻ ጥሩ ነው» እያለ የሚልስ ጎረምሳ ካለ፣ እርሱን የምገልጽበት ቃል ይህ መጽሔት አያትምልኝም። በዚያ 92 ግራም በምትመዝን እሽግ ውስጥ ያለው የአንድ ሕፃን መድኃኒት ነው።

ስለ ዕቃው ንጽሕና የሚሰማኝንም ሥጋት ልናገር። በላቦራቶሪ ፕሮቲን የሚለካው በአብዛኛው ናይትሮጅኑን በመቁጠር ነው። ስለዚህ አታላይ ሰው ናይትሮጅን ያለበትን ርካሽ ነገር ቢጨምርበት መለኪያው ፕሮቲን ነው ብሎ ይመሰክርለታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና የሕፃናት ወተት ላይ ሜላሚን የተጨመረው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ስድስት ሕፃናት ሞቱ፣ ሦስት መቶ ሺህ ያህሉ ታመሙ። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ከ13 አገሮች 634 የስፖርተኛ ማሟያዎችን ገዝቶ ሲመረምር በ94ቱ ውስጥ በጽሑፉ ላይ ያልተገለጸ የሆርሞን ዘር አገኘ። ወላጆቻችን «መርፌ ነው» ሲሉ የማስቀው ይህን ስለማውቅ በግማሽ ብቻ ነው። ለውድድር የሚዘጋጅ ሯጭ ወይም ብስክሌተኛ ሳያውቅ ቢወስደውም ሰውነቱ ውስጥ የተገኘው ነገር በእርሱው ይቆጠርበታል። ከተከፈተ ጣሳ በማንኪያ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚገዛው ጽሑፉን እንኳ አይደለም፤ የሻጩን ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ እንዲያው በጅምላ ግዙ ወይም አትግዙ ለማለት አልደፍርም። ከሕመም የተነሣና ምግብ የማይወርድለት፣ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ፣ በጾም ወራት ከባድ ሥልጠና ያለበት ስፖርተኛ በሐኪም ወይም በዕውቀት ቢወስዱት ተገቢ ነው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ደግሞ ይህኛውም ሊነፋው እንደሚችል ይወቅ። ለሚገዛ ጓደኛዬ ግን አንድ ቀላል ዘዴ አለኝ። ዋጋውን በጣሳው ላይ አታንብብ፤ የጣሳውን ዋጋ በውስጡ ላለው የፕሮቲን ግራም አካፍለው። ከዚያ የአንድ ኪሎ ምስርን ዋጋ ለ250 ግራም፣ የአንድ እንቁላልን ዋጋ ለ6 አካፍል። ዋጋዎቹን እኔ አልጽፋቸውም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ጽሑፌ እስኪባዛ ድረስ እንኳ አይቆምም። አንተ ግን ዛሬ አካፍለህ ዛሬ ታየዋለህ። የምስሩንም ቁጥር እንደ ሽሮው አምስተኛ እጅ ቀንስለት፤ አሁንም ታሪፉ የሚነግርህ ነገር ብዙ አይለወጥም ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ማኅበራችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለፉት ዓመታት ስለ ብዙ ትልልቅ ጉዳዮች ተሰብስበናል፤ ስለ ሽሮው ውፍረት ግን በአጀንዳ የተያዘ ስብሰባ መኖሩን አላስታውስም። ተማሪዎች በሚመገቡበት ሁሉ ለአንድ መቶ ሰው ወጥ ስንት ኪሎ የሽሮ ዱቄት እንደሚገባ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ሽሮው ከሽምብራ፣ ከባቄላና ከአተር መሆኑና ጓያ የሌለበት መሆኑ በግዢው ወረቀት ላይ ይገለጽ። ማታ ማታ በር ላይ ከሚሸጠው ብስኩት ጋር ንፍሮና የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡ ሴቶች ቦታ ይሰጣቸው፤ ከሁለቱም ወገን ተጠቃሚ አለበት። የምግብ ኮሚቴው አባሎች በመጪው ሳምንት ዱቄቱ ወደ ድስቱ ሲገባ ተገኝተው ይመዝኑ። ሚዛን የለንም የሚል መልስ እንዳይሰጠኝ፣ አክስቴ በኮልፌ ገበያ እህል ትሸጣለችና ሚዛኗን ለአንድ ቀን እንደምታውሰን ጠይቄአት እሺ ብላኛለች፤ የምትፈልገው ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት እንዲመለስላት ብቻ ነው።